ትልቁ አውሬና ትንሿ ጥይት

ለትልቅ አውሬ ትልቅ ጠመንጃ ይያዛል ቢባል ተቃዋሚ የሚኖር አይመስልም። ከስካንዲኔቪያ ደኖች እስከ አላስካ ዳርቻ ባለው በሰሜኑ የዓለም ክፍል አዳኝ የሚገጥማቸው እንስሳት ደግሞ በእርግጥም ትልልቆች ናቸው። ከአጋዘን ወገን በግዝፈቱ አቻ የሌለው ሙስ የተባለው እንስሳ በአላስካ ወንዱ ከ600 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ቆሞ ሲታይም ትከሻው ከረጅም ሰው ቁመት ጋር ይስተካከላል። የዋልታው ነጭ ድብ ወንዱ ከ350 እስከ 700 ኪሎ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ለመግጠም የወጣ ሰው ምን ዓይነት ጠመንጃ፣ ምን ዓይነትስ ጥይት ይያዝ? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ጠመንጃ ሠሪዎችን፣ ጸሐፊዎችንና ሕግ አውጪዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የብረትና የባሩድ ጉዳይ ነው። ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ግን የሰው ልጅ ኃይልን ከችሎታ፣ መግደልን ከማቁሰል ለይቶ ለማወቅ ስንት ዘመን እንደፈጀበት የሚናገር ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይገንዘብልን።

ሁለት ሰዎች በበረዶ ላይ

ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ለስደተኞችና ለጦር ምርኮኞች ባደረገው አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት ግን ስሙ የገነነው በዋልታ ተጓዥነቱ ነበር። ማርች 14 ቀን 1895 ናንሰንና ጓደኛው ያልማር ዮሐንሰን በበረዶ የተያዘችውን “ፍራም” የተባለች መርከባቸውን ትተው፣ ውሾች በሚጎትቷቸው ሸርተቴዎች ወደ ሰሜን ዋልታ አቀኑ። የያዙት 28 ውሾች፣ 3 ሸርተቴዎችና ካያክ የተባሉ 2 ቀጫጭን ጀልባዎች ነበር። በእንዲህ ያለ ጉዞ እያንዳንዷ ዕቃ በሚዛን ተመዝና ትጫናለች። ስለዚህ የጠመንጃው ጥያቄ ከሁሉ የሚበረታው የቱ ነው የሚል ሊሆን አይችልም ነበር፤ በትንሽ ሸክም ብዙ ሥራ የሚሠራው የቱ ነው የሚል እንጂ። በየግላቸው አንዳንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ያዙ። አንደኛው አፈሙዝ ለድብና ድብን ለመሰለ አውሬ የሚሆን አረር፣ ሁለተኛው ለወፍ የሚሆን ጥቃቅን እርሳስ የሚተኩስ ነበር።

በዚያው ዓመት በኦገስት መጀመሪያ ምርጫቸው ተፈተነ። በበረዶው መካከል የተከፈተ ውኃ ለመሻገር ሲዘጋጁ አንድ ነጭ ድብ ከኋላ መጥቶ ዮሐንሰንን ጣለው። የናንሰን ጠመንጃ ካያኩ ላይ ነበረ፤ ካያኩ ደግሞ ወደ ውኃው ተንሸራቶ ነበር። ናንሰን ጠመንጃውን ለማግኘት ሲታገል ዮሐንሰን የድቡን ጉሮሮ አንቆ እንደያዘ፣ ቶሎ ካልደረሰለት እንደሚረፍድበት በእርጋታ ይነግረው ነበር ይባላል። ድቡ ፊቱን ወደ ውሾቹ ሲያዞር ናንሰን ከጆሮው ጀርባ ተኮሰ። የተኮሰው ለድብ የተዘጋጀውን አፈሙዝ አልነበረም፤ የወፉን ነበር። በዚያ ርቀት ግን የወፉም እርሳስ ለድቡ በቃው።

ሁለቱ ሰዎች የዚያን ዓመት የበረዶ ወራት ፍራንዝ ጆዜፍ ላንድ በተባለው የደሴቶች ምድር፣ ከድንጋይና ከዋልረስ ቆዳ በሠሩት ጎጆ ውስጥ፣ የድብና የዋልረስ ሥጋ እየበሉ አሳለፉ። በጁን 1896 እንግሊዛዊው ተጓዥ ፍሬድሪክ ጃክሰን ሲያገኛቸው በሕይወትና በጤና ነበሩ። ያን ያህል ጊዜ ያኖራቸው የጠመንጃቸው ግዝፈት አይደለም። መቅረብን፣ ቦታ መርጦ መተኮስንና ጥይት መቆጠብን ያውቁ ነበር።

ከውጅግራ ወደ ለበን

የናንሰን ጉዞ የተካሄደው ጠመንጃ በታሪኩ ትልቁን ለውጥ ባደረገበት ጊዜ አካባቢ ነው። ቀድሞ የነበረው ጥቁር ባሩድ አረሩን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ማስወንጨፍ አይችልም። ኃይል ለሚፈልግ ሰው የነበረው አማራጭ አረሩን ማወፈርና ማክበድ ብቻ ነበር። በአገራችን ውጅግራ የተባለውን የፈረንሳዩን “ግራ” ጠመንጃ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ የአረሩ ክብደት 25 ግራም ገደማ ነው። ሲተኮስ ጢሱ ተኳሹን ራሱን ይጋርደዋል፤ ርቀት በጨመረ ቁጥርም አረሩ ቶሎ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። ለሙስና ለድብ የተሠሩት የዚያ ዘመን የአደን ጠመንጃዎችም በዚሁ ሒሳብ የተቀመሩ ነበሩ፤ ወፍራም አፈሙዝ፣ ከባድ እርሳስ፣ ትከሻ የሚያደቅ ሰደፍ።

በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጢስ አልባ ባሩድ ሠራ። ፈረንሳይም በ1886 በዚህ ባሩድ የሚሠራውን ባለ 8 ሚሊሜትር የለበል ጠመንጃ ለጦሯ አስታጠቀች፤ አያቶቻችን ለበን ያሉት ይኸንኑ ነው። አዲሱ ባሩድ ቀጭኑን አረር በእጅጉ ያፈጥነዋልና የውፍረቱ ሒሳብ ፈረሰ። በዐሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የአውሮፓ ጦሮች በየተራ ወደ 8፣ ወደ 7፣ እንዲያውም ወደ 6.5 ሚሊሜትር ወረዱ።

ለአዳኙ ግን አዲስ ችግር መጣ። ለጦርነት የተሠራው አረር እርሳሱ በጠንካራ ብረት ሙሉ በሙሉ የተለበጠ በመሆኑ፣ በአውሬው ገላ ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። እንስሳው መሞቱ አይቀርም፤ ግን ርቆ ሄዶ፣ ብዙ ሰዓት ተሠቃይቶ ነው። ስለዚህ ጫፉ ያልተለበጠ፣ ገላ ሲነካ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ አረር ተሠራ።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ የሚያስገርም ነገር ያሳየናል። በ1899 በሄግ የተሰበሰቡት መንግሥታት እንዲህ ያለው ተዘርጊ አረር በጦርነት እንዳይሠራበት አወጁ፤ የሰውን ሥቃይ ያለ አግባብ ያበዛል ተብሎ ነው። በስዊድንና በኖርዌይ ደግሞ ሙስ የሚያድን ሰው ተዘርጊ አረር እንዲጠቀም ሕግ ያስገድደዋል፤ የእንስሳውን ሥቃይ ያሳጥራል ተብሎ ነው። በሰው ላይ ጭካኔ የተባለው ያው ነገር በአውሬ ላይ ርኅራኄ ተባለ።

ከጦር ሜዳ ይልቅ ደን ያወቀ ጥይት

ከአዲሶቹ ጥይቶች መካከል ለዚህ ታሪክ ዋናው የስዊድንና የኖርዌይ ባለ 6.5 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ ንጉሥ ሥር በነበሩበት ዘመን የጋራ ኮሚሽን አቋቁመው ለሁለቱም ጦር የሚሆን አንድ ጥይት መረጡ። ጥይቱ በ1894 ሥራ ላይ ሲውል ኖርዌይ በክራግ ዮርገንሰን፣ ስዊድን በማውዘር ጠመንጃ ትተኩሰው ጀመር። የሁለቱ አገሮች አንድነት በ1905 ፈረሰ፤ ጥይቱ ግን የጋራ እንደሆነ ቀረ።

ስዊድን ከ1814 ወዲህ ጦርነት ገብታ አታውቅም። ስለዚህ ለጦር የተፈለሰፈው ይህ ጥይት በስዊድን ምድር ዕድሜውን ያሳለፈው በኢላማ ሜዳና በደን ውስጥ ነው። የሙስ አደን በዚያ አገር የጥቂት ባለጸጎች ጨዋታ አይደለም። ገበሬውም፣ እንጨት ቆራጩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም የመጸው ወራት ሲመጣ ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ ደን ይወጣል፤ ሥጋውም ለቤተሰብ የዓመት ቀለብ ይሆናል። በ1982 ብቻ ከ170 ሺህ በላይ ሙሶች ታድነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በእጅጉ ቀንሷል።

ያ ቀጭን አረር ይህን ግዙፍ እንስሳ እንዴት ሊጥል ቻለ? አንደኛው ምክንያት ቅርጹ ነው። ክብደቱ 10 ግራም ገደማ የሆነው የቀድሞው አረር ለውፍረቱ በጣም ረጅም ነው፤ ረጅምና ቀጭን ነገር ደግሞ እንደ ወስፌ ጠልቆ ይገባል። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። በደን ውስጥ ሙስ የሚተኮሰው ውሻ ጮሆ ካቆመው በኋላ ወይም በተራ ከቆሙት አዳኞች ፊት ሲያልፍ ነውና ብዙውን ጊዜ ቅርብ ነው። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ሰውዬው ራሱ ነው። የ6.5ቱ ሰደፍ ትከሻን አያስለቅስም። ተኳሹ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን አይጨፍንም፤ ስላልፈራውም ደጋግሞ ይለማመድበታል። ያልተፈራ ጠመንጃ ደግሞ አረሩን ወደታሰበለት ቦታ ያደርሳል።

የሁለት ጸሐፊዎች ክርክር

ከአትላንቲክ ማዶ ይኸው ጥያቄ የብዕር ጦርነት አስነሣ። በአንድ ወገን የተሰለፈው ጃክ ኦኮነር ነው። በ1902 የተወለደው ኦኮነር በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተማረ፣ ልብ ወለድም የደረሰ፣ በኋላም “አውትዶር ላይፍ” በተባለው መጽሔት ላይ ለብዙ ዓመታት ስለ ጠመንጃ የጻፈ ሰው ነው። የእርሱ ወዳጅ በ1925 ለገበያ የቀረበው “ነጥብ 270” የተባለው ጥይት ነበር። አረሩ 8.4 ግራም ብቻ ሲሆን በሴኮንድ ከ900 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። ኦኮነር በዚህ ጥይት በካናዳ ተራሮች ሙስም ግሪዝሊ ድብም አድኗል።

በሌላው ወገን የቆመው በ1899 የተወለደው የአይዳሆው ከብት አርቢና አዳኝ ኤልመር ኪዝ ነው። ለኪዝ ፈጣንና ቀላል አረር የልጅ መጫወቻ ነበር። አውሬ እንደ ፎቶግራፍ ተነሺ ጎኑን አዙሮ አይጠብቅም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ወይም ከቁጥቋጦ መካከል ሲወጣ ይገኛል፤ ያን ጊዜ አጥንት ሰብሮ፣ ሥጋ ሰንጥቆ የሚያልፍ ወፍራምና ከባድ አረር ያስፈልጋል የሚል ነበር ክርክሩ። እርሱና ባልደረቦቹ በግል የቀመሯቸው ከባድ ጥይቶች መንገድ ከፈቱና፣ በ1958 ዊንቸስተር ኩባንያ ከ16 ግራም በላይ የሚመዝን አረር መተኮስ የሚችለውን “ነጥብ 338” ጥይት አወጣ። የተጫነበትን ጠመንጃም “አላስካዊው” ብሎ ሰየመው።

ሁለቱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሳይስማሙ ኖሩ። ኦኮነር በ1978፣ ኪዝ በ1984 ሲሞቱ ክርክሩን ለአንባቢዎቻቸው አወረሱ። አንበሳና ዝሆን የገደለ ሰው ሲፎክር የሰማ አገር ልጅ፣ በዚህ ጠብ ውስጥ የፉከራ ቃና እንዳለበት ለመረዳት አይቸገርም። ይሁንና ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘው ነበር። ኦኮነር የተኳሹን ድክመት አይቷል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ጠመንጃ ሰውን ፈሪ እንደሚያደርግ ያውቃል። ኪዝ ደግሞ የአጋጣሚን ክፋት አይቷል፤ ደን ውስጥ ሁሉም ነገር እንደታሰበ እንደማይሆን ያውቃል።

ጭቃ የለበሰው ሙስ

ሁለቱ ሲከራከሩ መልሱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ ያድን ነበር። የያዘው “ነጥብ 300” የተባለ ብርቱና ፈጣን ጥይት ነው። ያገኘው ሙስ ገላው በደረቀ ጭቃ ተለስኗል። ኖስለር ተኮሰ፤ አረሩ ግን በፍጥነቱ ብዛት ገና ትከሻው ላይ ተበታትኖ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ቀረ። ደጋግሞ መተኮስ ግድ ሆነበት።

ኖስለር ወደ ቤቱ ሲመለስ የበለጠ ጠመንጃ አልገዛም። አረሩን ሊያሻሽል ተነሣ። በአረሩ መካከል የመዳብ ግድግዳ አበጀ፤ ከግድግዳው ፊት ያለው እርሳስ ገላ ሲነካ ይዘረጋል፣ ከኋላ ያለው ግን ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በ1947 እርሱና ጓደኛው አዲሱን አረር ይዘው ተመልሰው ወጡ፤ እያንዳንዳቸውም በአንዳንድ ጥይት ሙስ ጣሉ። በ1948 ይህንኑ አረር የሚሠራ ድርጅት ተቋቋመ።

የዚህ ነገር ትምህርቱ ቀላል ይመስላል፤ ለመገኘት ግን ስድሳ ዓመት ፈጅቷል። ጢስ አልባው ባሩድ ከመጣ ጀምሮ ሰው ሲጨቃጨቅ የኖረው አረሩን ስለሚገፋው ኃይል ነበር። አውሬውን የሚነካው ግን አረሩ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ሥራ ላይ የሚውለው ወይም የሚባክነው በዚያች በጥቂት ግራም ብረት አሠራር ነው። ደህና የተሠራ አረር ለኦኮነርም ቀጭን አፈሙዝ ጥልቀት ሰጠው፤ የኪዝንም ከባድ ጥይት የግድ ከመሆን አዳነው።

ብርዱ የሚመርጠው

እስካሁን ያየናቸው ሰዎች መርጠው የሚገዙ ናቸው። በሰሜኑ ምድር ተወልደው የኖሩት ሰዎች ግን እንዲህ ያለ የተትረፈረፈ ምርጫ አልነበራቸውም። በሜይ 1953 ቤላ ትዊን የተባሉ የክሪ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ የ63 ዓመት ሴት፣ በካናዳ አልበርታ ውስጥ በስሌቭ ሌክ አቅራቢያ ሲሄዱ ግዙፍ ግሪዝሊ ድብ መጣባቸው። በእጃቸው የነበረው ጥንቸልና ወፍ የሚታደንበት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ “ነጥብ 22” ጠመንጃ ነበር። ድቡ በጣም እስኪቀርብ ጠብቀው በቀጭኑ የራስ ቅል በኩል መቱት፤ ወደቀ። እርግጠኛ ለመሆንም ደጋግመው ተኮሱበት። የድቡ የራስ ቅል ሲለካ በጊዜው ከተመዘገቡት ግሪዝሊዎች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ይህን ታሪክ ሰምቶ በጥንቸል ጠመንጃ ድብ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ቂል ነው። ሴትዮዋም ድብ ፍለጋ አልወጡም ነበር። ያዳናቸው የአውሬውን አካል ማወቃቸውና እጃቸው አለመንቀጥቀጡ ነው።

በ1947 በተቋቋመው የካናዳ ሬንጀርስ ውስጥ የሚያገለግሉት ደግሞ ብዙዎቹ የሰሜኑ ተወላጆች ናቸው። መንግሥት የሰጣቸው “ነጥብ 303” የሚተኩሰውን የእንግሊዙን ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ነበር። ይኸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ ከ2018 ጀምሮ በአዲስ እስኪተካ ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ ከነጭ ድብ መከላከያቸው ሆኖ ቆየ። በግሪንላንድ የሚዘዋወሩት ሲሪየስ የተባሉት የዴንማርክ የሸርተቴ ጠባቂዎችም ለብዙ አሠርት ዓመታት የታጠቁት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ጠመንጃ ነው።

ለምን አሮጌውን? ምክንያቱ ብርዱ ነው። ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ የጠመንጃ ዘይት እንደ ሙጫ ይረጋል፤ የረቀቀ መሣሪያም ይነክሳል። ጠመንጃውን ወደ ሞቀ ቤት ያስገባ ሰው እርጥበት ያዝበትና ተመልሶ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የአገሩ ሰው ጠመንጃውን ከደጅ ያሳድራል። እዚያ የሚፈለገው በጓንት እጅ የሚቀባበል፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት፣ ጥይቱም ከሩቅ መንደር ሱቅ የማይጠፋ ጠመንጃ ነው። ለሬንጀርሶቹ የተሰጠው አዲሱ ጠመንጃ እንኳ እንደ አሮጌው በእጅ የሚቀባበል መሆኑ ነገሩን ያስረዳል።

የአቁሳይ ዕዳ

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፅ ያልነበረው አንድ ወገን አለ፤ እርሱም የተተኮሰበት እንስሳ ነው። ሳንባው የተመታ ሙስ ጥቂት ሄዶ ይወድቃል። ሆዱን ወይም መንጋጋውን የተመታው ግን ደን ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይሠቃያል። የስካንዲኔቪያ አገሮች ሕግ የመሣሪያ ምርጫን ከግል ምርጫነት አውጥቶ ግዴታ ያደረገው በዚህ የተነሣ ነው።

ለረጅም ዓመታት የሠራበት የስዊድን ደንብ ለሙስ የሚሆነውን ጥይት እንዲህ ይለካዋል። አረሩ ቢያንስ 9 ግራም ከሆነ በ100 ሜትር ርቀት 2,700 ጁል ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ 10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። በዚህ ሚዛን የ1894ቱ ቀርፋፋ 6.5 ከነከባድ አረሩ ያልፋል። የኦኮነር ተወዳጅ የ8.4 ግራም አረር ግን፣ ፍጥነቱ ምንም ቢሆን፣ ይወድቃል። ኪዝ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ሕጉ ግን በጥይቱ አላቆመም። በኖርዌይ ትልልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ማለፍ አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ፈተናውን ያላለፈ ሰው የቱንም ያህል ውድ ጠመንጃ ቢኖረው ወደ ደን አይወጣም። በስዊድን ደግሞ ለሙስ አደን የሚወጡ ሰዎች የቆሰለ እንስሳ ዱካ መከተል የሚችል ውሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲደርስላቸው አስቀድመው ማዘጋጀት አለባቸው። አዳኙ ሊስት እንደሚችል ሕጉ ከወዲሁ ያውቃል፤ ስለዚህም የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ያስገድደዋል።

ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እርሳስ መርዝ መሆኑ፣ ቅንጣቱም በሥጋው ውስጥና በደን ውስጥ በሚቀረው ሆድ ዕቃ እንደሚገኝ ከታወቀ ወዲህ፣ ዴንማርክ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የእርሳስ አረር ለአደን እንዳይውል ከልክላለች። በምትኩ የመጣው መዳብ ከእርሳስ ይቀልላል፤ ስለዚህ ክብደትን መሠረት ያደረገው የቀድሞ ሒሳብ እንደገና እየተፈተሸ ነው። ጠመንጃ ሠሪዎቹም በየዓመቱ አዲስ ጥይት ማውጣታቸውን አላቆሙም፤ እያንዳንዱም ከቀደመው ይበረታል ተብሎ ይሸጣል።

ጥይቱን ከሱቅ መግዛት ቀላል ነው። ሙሱ ጎኑን እስኪያዞር ድረስ በብርድ ውስጥ ጣትን ከምላጭ አርቆ መቆየት፣ ካላዞረም ሳይተኩሱ ባዶ እጅ ወደ ቤት መመለስ ግን በገንዘብ አይገዛም። የሰሜኑ አዳኞች የመቶ ዓመት ክርክር ዞሮ ዞሮ ያደረሳቸው ወደዚህ ነው።